የልጄ አውሬዎችና የግምገማ ደብተሯ



በቤቴ ሳሎን ካለው ቡፌ ሁለተኛው መደርደሪያ የቡና ስኒዎች ይቀመጡበት ነበር። ዛሬ ስኒዎቹ ወደ ጓዳ ገብተው በቦታቸው ሃያ ሦስት የፕላስቲክ አውሬዎች ተሰልፈዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ልጅሽ ዳይኖሰር ትወዳለች እንዴ?» መባሉ አይቀርም። ይህ በተባለ ቁጥር ደግሞ ከውስጥ ክፍል «ዳይኖሰር አይደሉም!» የሚል ድምፅ መሰማቱ አይቀርም።

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አውሬዎቹና ስለዚያ ድምፅ ባለቤት ነው። «መጫወቻ ደግሞ ለጋዜጣ ምን ቁም ነገር ይሆናል?» የምትሉ እናቶች ትኖሩ ይሆናል። እኔም እንደ እናንተ እል ነበርና ጥቂት ታገሡኝ።

ታላቅ እኅቴ በጀርመን አገር፣ ሽቱትጋርት በተባለች ከተማ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ትሠራለች። ልጄ ስድስት ዓመት የሞላት ጊዜ በመንገደኛ እጅ አንድ ጥቅል ላከችልን። እኔ የጠበቅሁት ጫማ ነበር። ጥቅሉ ሲፈታ የወጣው ግን ስንዝር ከግማሽ የሚሆን ጥቁር ግራጫ ነገር ነው። አፉ እንደ አዞ ሾሏል፣ ጅራቱ እንደ ዓሣ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ዐይኑ እንደ ጉጉት ፈጧል። ስልክ ደውዬ «እትዬ፣ ምንድን ነው ይኼ የላክሽው? ዓሣ ነው ወይስ አዞ?» ብላት እኅቴ ሳቀች። «ሁለቱንም አይደለም። እኔ ካለሁበት ብዙ ሳይርቅ ከድንጋይ ውስጥ የሚወጣ የጥንት እንስሳ ነው። ስሙ ኢክቲዮሳውር ይባላል። ልጅቷ ትወደዋለች፣ ግድ የለሽም» አለችኝ። እኔ ግን በሆዴ የጫማውን ዋጋ አሰላ ነበር።

ልጅቷ ወደደችው። ከእርሱ ጋር ትበላለች፣ ከእርሱ ጋር ትተኛለች። ገላዋን በምትታጠብበት ሳፋ ውስጥም ይዋኝላታል።

ለማታውቋቸው ባጭሩ ልንገራችሁ። እነዚህ አውሬዎች በትምህርት ቤት መጽሐፍ «ገበሎ አስተኔ» ከሚባለው የተሳቢዎች ወገን ናቸው። የጥንት አያቶቻቸው በየብስ ይኖሩ ነበር፤ ኋላ ግን ወደ ባሕር ተመለሱ። እግራቸው በጊዜ ብዛት መቅዘፊያ ሆነ፤ ሳንባቸው ግን ሳንባ እንደሆነ ቀረ። በመሆኑም እንደ ዓሣ ውኃ ውስጥ መተንፈስ አይችሉም ነበርና አየር ለመሳብ ወደ ላይ ብቅ ማለት ነበረባቸው። ዳይኖሰሮች በዚያው ዘመን በየብስ የኖሩ ሌላ ቤተሰብ ናቸው። ኢክቲዮሳውር የሚባለው ዓሣ የሚመስለው ነው። ፕሌሲዮሳውር አራት መቅዘፊያ ያለው፣ ብዙውን ጊዜም አንገተ ረጅሙ ነው። ሞዛሳውር ደግሞ በየወንዛችን ዳር የምናየው የአርጃኖ የሩቅ ዘመድ ነው። የመጨረሻዎቹ የዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከዳይኖሰሮች ጋር ጠፍተዋል።

እኔን ራሴን ወደዚህ ነገር የሳበኝ መጫወቻው አልነበረም፤ ፎቶግራፍ ነው። እኅቴ በዕረፍት ቀኗ ወደ ሽቱትጋርት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሄዳ ያነሣችውን ላከችልኝ። ከከተማይቱ አቅራቢያ ሆልትስማደን የምትባል መንደር አለች። በዚያ 180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ካለው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ኢክቲዮሳውሮች ከነአጥንታቸው፣ አልፎ አልፎም ከነቆዳቸው ጥላ ይወጣሉ። በፎቶግራፉ ላይ ያለችው እናት ናት። እነዚህ እንስሳት እንቁላል ለመጣል ወደ ዳርቻ መውጣት ስለማይሆንላቸው ግልገሎቻቸውን እዚያው ባሕር ውስጥ ይወልዱ ነበር። እናቲቱ በጎኗ ተጋድማለች። በሆዷ ውስጥ ያልተወለዱ ግልገሎች አጥንት ይታያል፤ አንደኛው ከአካሏ ወጥቷል። እኔ ልጄን ለመውለድ ሁለት ቀን አምጫለሁ። ፎቶግራፉን አሳትሜ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርሁት፤ አሁንም እዚያው ነው።

ሁለተኛውን አውሬ የገዛነው ከመርካቶ ነው። በአንድ ከረጢት የታሸጉ፣ ሁሉም «ዳይኖሰር» ተብለው የሚሸጡ ርካሽ እንስሳት ነበሩ። ልጄ ከመካከላቸው አንዱን አንሥታ አገላብጣ ካየች በኋላ «እማ፣ ይኼ እኮ ዋሽቷል» አለችኝ። አንገቱ ረጅም፣ ገላው የባሕር አውሬ ሆኖ ሳለ መቅዘፊያዎቹ ላይ የዶሮ የሚመስል ጥፍር ተተክሎበት እንደ ውሻ በአራት እግሩ ቆሟል። በመሥሪያ ቤታችን የግምገማ ሰሞን ነበርና እኔም በቀልድ «እንግዲያው ገምግሚዋ!» ብዬ አንድ ደብተር ሰጠኋት።

ቀልዱ ቁም ነገር ሆነ። ፊደል ገና በወጉ ሳትጨብጥ የጀመረችው ደብተር ዛሬ ሦስተኛው ላይ ደርሷል። አሠራሩን ከእኛ መሥሪያ ቤት ቃል በቃል ወስዳዋለች፤ ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን፣ ውሳኔ። ለምሳሌ ስለ አንድ ሞዛሳውር እንዲህ ጽፋለች። «ጠንካራ ጎን፦ ጥርሶቹ በደንብ ተሠርተዋል፤ ሲይዙት ደስ ይላል። ደካማ ጎን፦ ጀርባው ላይ እንደ ፈረስ ጋማ አለው። ጋማ አልነበረውም። ውሳኔ፦ ይቀመጥ፣ ግን ከኋላ ረድፍ።» የፋብሪካውን ስም ለእኔና ለእርሷ እንተወው።

ይህ የጋማ ነገር ከየት እንደመጣ ብጠይቅ አስገራሚ ታሪክ አገኘሁ። (የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሳሙኤል ዊሊስተን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1899 አንድ የሞዛሳውር ቅሪተ አካል ሲመረምር በጀርባው በኩል ጋማ ያለ መሰለው። በ1902 ግን ያየው የመተንፈሻ ቧንቧው ቀለበቶች እንደነበሩ ተገንዝቦ ስሕተቱን ራሱ አረመ። ሰውየው በሦስት ዓመት ያረመውን ሠዓሊዎች እየተቀባበሉ ሣሉት፤ ከሠዓሊዎቹ መጫወቻ ሠሪዎች ወሰዱት። ይኸው ከመቶ ዓመት በኋላም በእኛ ቡፌ ላይ ባለጋማ አውሬ ቆሟል። በ2015 በወጣው የጁራሲክ ወርልድ ፊልም ላይ የታየው ሞዛሳውርም ጀርባው ባለ ጋማ ነው።

የአንገቱም ነገር እንዲሁ ነው። ኤላስሞሳውሩስ የሚባለው የፕሌሲዮሳውር ዓይነት በአንገቱ ብቻ ከ70 በላይ አከርካሪዎች ነበሩት። ሰውም ሆነ ቀጭኔ ያላቸው ሰባት ነው። ታዲያ ይህን ያህል አጥንት ካለ እንደ እባብ ይጠመዘዛል ብለው ብዙ መጫወቻ ሠሪዎች አንገቱን ከውኃ በላይ ቀስረው ይሠሩታል። አጥንቶቹ ግን እርስ በርስ ተቀራርበው የተገጣጠሙ ስለሆኑ እንደዚያ ሊቀሰር አይችልም ነበር። በዚህም ላይ ከባድ አንገት ከውኃ በላይ ሲነሣ ገላውን ወደ ታች ይደፍቀዋል። ይህን አውሬ መጀመሪያ የገለጸው ኤድዋርድ ኮፕ የተባለ ሊቅ ግን ከዚህም የባሰ ስሕተት ሠርቷል። በ1869 ባሳተመው ሥዕል የአውሬውን ራስ በጅራቱ ጫፍ ላይ ገጠመው! ስሕተቱ ሲገለጥበት የታተመውን ጽሑፍ ከየሰው እጅ ለመሰብሰብ ሞከረ ይባላል። ልጄ ይህን ታሪክ በጣም ትወደዋለች። በመሥሪያ ቤታችን ሳወራው ግን የሳቀልኝ ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ የራሴን ፍርድ ልናገር። ልጄ ጨካኝ ገምጋሚ ናት። አፉን የከፈተ አውሬ ሁሉ ነጥብ ይቀነስበታል፤ «ሁልጊዜ አይጮኽም፣ አንዳንዴም ይዋኛል» ትላለች። እኔ ደግሞ አፍ ከፋቾቹ አይከፉኝም። ከሁሉ የምወደው ግን እኅቴ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ያገኘችው ፕሌሲዮሳውር ነው። በለንደን የብሪታኒያ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከ1974 ጀምሮ ኢንቪክታ ከተባለ የፕላስቲክ ፋብሪካ ጋር ካወጣቸው መጫወቻዎች አንዱ ነው። የእኛው ከራስ እስከ ጅራት አንድ ቀለም ነው፤ የሚላጥ ነገር የለውም፤ ስንት ልጅ እጅ እንዳለፈ እግዜር ይወቀው። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ በካርኔጊ ሙዚየም ስም ከ1988 እስከ 2015 ድረስ የተሠሩትም በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። ሰብሳቢ ነን የሚሉ ጎልማሶች በዓለም ላይ ብዙ እንዳሉ ያወቅሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ የሕፃን ጨዋታ የምንለውን በአዋቂ ዐይን እየመዘኑ ይጽፉበታል።

የቀለም ነገር ሌላ ክርክር ነው። ብዙዎቹ መጫወቻዎች ሰማያዊና አረንጓዴ ናቸው። በ2014 የታተመ ጥናት ግን በኢክቲዮሳውርና በሞዛሳውር ቆዳ ቅሪት ላይ ጥቁር ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒን አግኝቷል። ያ መጀመሪያ የተላከልን ጥቁር ግራጫው ለካ ከሁሉ የተሻለ ነበር።

እናቶች፣ መግዛት ለምታስቡ ከልምዴ ጥቂት ነገር ልበል። አፍ ውስጥ መክተት ያልተወ ሕፃን ካለ ትንንሽና ተነቃይ ክፍል ያለውን አትግዙ፤ የተሰበረ መቅዘፊያም ቶሎ ይወገድ። አፍንጫን የሚወጋ የኬሚካል ሽታ ያለውን እዚያው ሱቅ ተዉት። ፕላስቲክን ለማለስለስ የሚጨመሩ ፋታሌት የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት አንዳንዶቹን ከ2007 ጀምሮ በልጆች መጫወቻ ውስጥ ከ0.1 በመቶ በላይ እንዳይኖሩ ከልክሏል። ቀለሙን ለመፈተን ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ፈተግ አድርጉት፤ ጨርቁ ከቀለመ ለሕፃን አይሆንም። በጉዞ ላይ አንገቱ የተጣመመ ለስላሳ መጫወቻ ቢያጋጥማችሁ አትጣሉት። ፈልቶ ትንሽ በረድ ባለ ውኃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነክራችሁ፣ በእጃችሁ አቅንታችሁ፣ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ብትይዙት ቀንቶ ይቀራል። ይህን የምትሠሩት ግን እናንተ እንጂ ልጆቹ አይደሉም። ቁጥሩም አይብዛ። እኛ ዘንድ በዓመት ከአምስት አይበልጥም፤ ከእኅቴ የሚመጣውም ይቆጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ።

ዓምና ልጄ አራተኛ ክፍል ሳለች መምህርቷ የጥንት እንስሳትን ሥዕል ሰሌዳው ላይ ሰቅለው ያስተምራሉ። በፈተናው ላይ «በሥዕሉ ላይ ስንት ዳይኖሰሮች አሉ?» የሚል ጥያቄ ቀረበ። የሚጠበቀው መልስ አምስት ነው። ልጄ «አራት» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም «አንደኛው ፕሌሲዮሳውር ነው» ብላ ጨመረችበት። ተሳስተሻል ተባለች። በዚህ ጊዜ እጇን አውጥታ «ጥያቄው ነው የተሳሳተው» አለች። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ተጠራሁ።

ከአለቃዬ የሁለት ሰዓት ፈቃድ ለምኜ በታክሲ በረርሁ። መምህርቷ ክፉ ሰው አልነበሩም። «ልጅዎ ጎበዝ ናት። ነገር ግን ስልሳ ልጅ ፊት መምህር ተሳስቷል ካለች እኔ ነገ እንዴት አድርጌ ላስተምር?» አሉኝ። ልጄ ግድግዳውን ተደግፋ ታየኛለች። እኔም ሰዓቴን አየሁና ወደ እርሷ ዞሬ «ዝም በይ! ከመምህርሽ በላይ ታውቂያለሽ? ይቅርታ ጠይቂ!» አልኋት። ጠየቀች።

አንባቢያን፣ ይህን ስናገር ልጄ ልክ መሆኗን አውቅ ነበር። ደብተሯን አንብቤዋለሁ፤ ግማሹን ያስጻፍኋትም እኔ ነኝ። ሆኖም በዚያች ሰዓት የታየኝ የፈቃዴ ማለቅ ብቻ ነበር።

ማታ ወደ ቤት ስገባ መደርደሪያው ባዶ ነው። አውሬዎቹን ሁሉ በካርቶን አድርጋ አልጋዋ ሥር አስገብታቸዋለች። አላለቀሰችም፤ አላኮረፈችም፤ የምታዘዘውን ትሠራለች። እኔም «ይሻላታል፣ ወደ ትምህርቷ ትመለስ» ብዬ ስኒዎቹን ወደ ቦታቸው መለስሁ። ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ ጎረቤታችን ቡና ልትጠጣ መጥታ «ውይ፣ እነዚያ ዳይኖሰሮች የት ሄዱ?» አለች። ጆሮዬን ወደ ውስጥ ክፍል ጣልሁ። ልጄ እዚያው ናት፤ በሩ ክፍት ነው። ምንም አልተሰማም።

ያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም።

በዚያው ሰሞን ከእኅቴ ሌላ ጥቅል መጥቶ ሳይፈታ ተቀምጦ ነበር። ፈታሁት፤ ሞዛሳውር ነው። ደብተሩን ፈልጌ አገኘሁና በእኔ እጅ ግምገማ ጻፍሁ። የጻፍሁት እንዲህ ነው። «ጠንካራ ጎን፦ ጋማ የለውም። ቀለሙ ጠቆር ያለ ነው። ደካማ ጎን፦ ጅራቱ ጫፉ ላይ ወደ ታች ታጥፏል፤ በመንገድ የተጣመመ ይመስላል። በሙቅ ውኃ ይቃና።» ደብተሩን ከአውሬው ጋር በጠረጴዛው ላይ ትቼ ተኛሁ።

ጠዋት በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ አገኘሁ። «አልተጣመመም። ልክ ነው። እንዳታቃኚው! በ2013 ከዮርዳኖስ የተገኘውን እይ። አጥንቱ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ከላይ በኩል አጥንት የሌለው ክንፍ አለው። ገምጋሚዋ ሳታይ ጽፋለች።»

እውነቷን ነው። ዱሮ የሞዛሳውርን ጅራት እንደ እባብ ቀጥ አድርገው ይሠሩት ነበር። በ2013 ይፋ የተደረገው፣ የለስላሳ አካሉ ቅርፅ ጭምር የቀረው የዮርዳኖሱ ቅሪተ አካል ግን የሻርክ ዓይነት የጅራት ክንፍ እንደነበረው አሳይቷል።

ቁርስ ላይ «ያን ቀን ዝም በይ ያልሁሽ ተሳስተሽ አይደለም» አልኋት።

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

ሰበብ ብዙ ነበረኝ፤ የመምህር ክብር፣ ጨዋነት፣ የሰው ዐይን። ሁሉም እውነት ያለበት ነው። «ወደ ሥራ መመለስ ስለነበረብኝ ነው» አልኋት። ዳቦዋን እያኘከች ለጥቂት ጊዜ አየችኝና «እሺ» አለች። ይቅርታ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

በዚያ ሳምንት ማታ ማታ የሜሪ አኒንግን ታሪክ አወራኋት። ሜሪ በእንግሊዝ አገር፣ ላይም ሪጂስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ በ1799 የተወለደች የአናጢ ልጅ ናት። አባቷ በ1810 ዕዳ ጥሎባቸው ሲሞት ከገደሉ ሥር ቅሪተ አካል እየለቀመች ለጎብኚ በመሸጥ እናቷን ትረዳ ነበር። ገና አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ከወንድሟ ጋር የኢክቲዮሳውር አጥንት አወጡ። በ1823 ደግሞ የመጀመሪያውን ሙሉ ፕሌሲዮሳውር አገኘች። የፓሪሱ ታላቅ ሊቅ ዦርዥ ኩቪዬ የአንገቱን ርዝመት በሥዕል ባየ ጊዜ ተጠራጠረ፤ የሁለት እንስሳት አጥንት ተቀጣጥሎ እንዳይሆን ሰጋ። በ1824 ለንደን ላይ የምድር ጥናት ሊቃውንት ማኅበር ተሰብስቦ ጉዳዩ ሲቀርብ ሜሪ አልተጠራችም፤ ስሟም አልተነሣም። አውሬው እውነተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ኩቪዬም መሳሳቱን አመነ። ማኅበሩ ሴቶችን በሙሉ አባልነት የመረጠው በ1919 ነው። ሜሪ የሞተችው በ1847 ነበር።

ልጄ ከዚህ ሁሉ የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ኩቪዬ ተሳስቼ ነበር አለ?»

«አለ።»

«ያን ያህል ትልቅ ሆኖ?»

ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሰን ሄድን። በዚህኛው ጊዜ ፈቃድ የጠየቅሁት ለግማሽ ቀን ነው፤ ከዓመት ፈቃዴ ተቆረጠ። ቤት ውስጥ ተለማምደን ነበር። ልጄ «ጥያቄው ተሳስቷል» በማለት ፈንታ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ላሳይዎት?» ብላ ደብተሯንና ያን አሮጌ ፕሌሲዮሳውር አቀረበች። እኔም መምህርቷን «ባለፈው ልጄን በእርስዎ ፊት ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኋቸው። መምህርቷ ደብተሩን ረጋ ብለው ገለጡት። የጋማውን ታሪክ ሲያነቡ ፈገግ አሉ። «እኛም የተማርነው ሁሉም ዳይኖሰር ነው ተብለን ነው» አሉ። ከዚያም አውሬውን አገላብጠው አዩና «እግር የለውም ለካ» አሉ።

ነጥቡ አልተመለሰላትም፤ ውጤቱ ተመዝግቦ አልፏል ተባለ። ሥዕሉም ያው እንደተሰቀለ ነው። ነገር ግን ልጄ እንደነገረችኝ በማግስቱ መምህርቷ በሥዕሉ ላይ ካለው አንገተ ረጅም አውሬ አጠገብ በእርሳስ አንዲት ትንሽ ቃል ጽፈዋል። ስኒዎቹም ወደ ጓዳ ተመለሱ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ልጄ በቅርቡ «ከእኛ አገር የተገኘ የለም?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የለም ልላት ነበር፤ ኋላ ሳነብ አገኘሁ። የዓባይ ሸለቆንና የሐረርጌን ደጋ የኖራ ድንጋይ ያበጀው በጁራሲክ ዘመን አገራችንን ሸፍኖ የነበረ ባሕር ነው። ከሐረር አካባቢ የተገኘን አንድ የመንጋጋ ቁራጭ በ1938 የጀርመኑ ሊቅ ፍሪድሪክ ፎን ሁነ መርምሮ የፕሊዮሳውር፣ ማለትም የአንገተ አጭሩ ፕሌሲዮሳውር ነው ሲል ስም አወጣለት። ይህ ሰው ይሠራባት የነበረችው ቱቢንገን ከእኅቴ ከተማ ሩቅ አይደለችም። በ1996 ደግሞ ናታሊ ባርዴና ስቴፋን ዩአ የተባሉ ፈረንሳውያን እንደገና መርምረው አውሬው ፕሊዮሳውር ሳይሆን የባሕር አዞ መሆኑን አስረዱ። ሊቁ የተሳሳተበት የአገራችን አዞ!

መጫወቻው ግን የትም አልተገኘም። ልጄ ከጀበና ሠሪዎች ጭቃ ለምና ራሷ ሠራችው። አፉን አሾለችው፤ ጥርሱን በጥርስ መፋቂያ ስንጥር ወጋግታ አወጣችው፤ ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ አስቀምጣ አደረቀችው። ሲደርቅ ጅራቱ ተሰነጠቀ። በደብተሯ ላይ የጻፈችው ይኸው ነው። «ስም፦ የሐረር የባሕር አዞ። ከየት መጣ፦ ከእኔ። ጠንካራ ጎን፦ ሌላ ሰው የለውም። ደካማ ጎን፦ ጅራቱ ተሰንጥቋል፣ ውኃ ውስጥ አይገባም፣ የተገኘው መንጋጋው ብቻ ስለሆነ ሌላው ግምት ነው። ውሳኔ፦ ፊት ረድፍ።»